የአርሶ አደሩን ዜማ ወደ ዓለም መድረክ ያወጣው ቤላ ባርቶክ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የሃንጋሪ መኳንንትና የከተማ ነዋሪዎች የሀገራችን ሙዚቃ ይህ ነው ብለው የሚኮሩበት አንድ የዜማ ዓይነት ነበራቸው። ይህም በተለምዶ ጂፕሲ የሚባሉት የሮማ ተወላጆች በቡዳፔስት ካፌዎችና ምግብ ቤቶች በቫዮሊን የሚጫወቱት ነበር። ከከተማው ርቀው በሚገኙ መንደሮች፣ አዝመራ የሚሰበስቡ ወንዶችና ፈትል የሚፈትሉ ሴቶች የሚያንጎራጉሩት ዜማ ግን ከቁም ነገር አይቆጠርም ነበር። ለተማረው ሰው ጆሮ ሻካራ፣ ለከተሜው ክብር የማይመጥን ተደርጎ ይታይ ነበር። ይህን ንቀት በሥራው የሻረ፣ ከአርሶ አደሩ ጎጆ የሰማውን ጥንታዊ ዜማ ከምዕራባውያን ክላሲካል ሙዚቃ ጋር አዋሕዶ በታላላቅ አዳራሾች ያሰማ ሰው ቤላ ባርቶክ ይባላል።

ባርቶክ የተወለደው ማርች 25 ቀን 1881 ሲሆን፣ የትውልድ ቦታው ናጅሰንትሚክሎሽ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከተማዋ በዚያ ዘመን በኦስትሪያ-ሃንጋሪ ግዛት ሥር የነበረች ሲሆን ዛሬ በሮማኒያ ውስጥ ትገኛለች። አባቱ የግብርና ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር፤ ሙዚቃንም አብዝቶ ይወድ ነበር። እናቱ ፓውላ ፎይት ደግሞ መምህርትና ፒያኖ ተጫዋች ነበረች።

ሕፃኑ ቤላ የፈንጣጣ ክትባት ከተከተበ በኋላ ገላው በሽፍታ ተሸፈነ። ይህ ሕመም እስከ 5 ዓመቱ ድረስ ስላልለቀቀው ከእኩዮቹ ርቆ፣ ከሰው ተለይቶ አደገ። ብቸኝነቱን ያስረሳው የእናቱ ፒያኖ ነበር። ገና በ4 ዓመቱ የሰማቸውን በርካታ ዜማዎች በፒያኖው ላይ ፈልጎ ያገኛቸው ነበር። 5 ዓመት ሲሞላው እናቱ በሥርዓት ታስተምረው ጀመር።

በ1888 አባቱ ሲሞት ባርቶክ ገና የ7 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ልጇንና ታናሽ እኅቱን ለማሳደግ በመምህርነት ሥራዋ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ተንከራተተች። ዛሬ በዩክሬን ግዛት በምትገኘው ናጅሶሎሽ ሳሉ፣ በ1892 የ11 ዓመቱ ባርቶክ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ፒያኖ ተጫወተ። ካቀረባቸው ሥራዎች አንዱ የዳኑብን ወንዝ ጉዞ በዜማ የሚተርክ፣ ራሱ የደረሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቤተሰቡ ዛሬ ብራቲስላቫ ተብላ ወደምትጠራው ፖዞኒ ተዛወረ። በ1899 ባርቶክ በቪየና የመማር ዕድል ቢያገኝም፣ የቡዳፔስቱን የሙዚቃ አካዳሚ መረጠ።

በአካዳሚው የተማረው ሙዚቃ በአብዛኛው የጀርመን ሊቃውንት ሙዚቃ ነበር። ዘመኑ ደግሞ የሃንጋሪ ወጣቶች ከኦስትሪያ ተጽዕኖ ለመላቀቅ የሚመኙበት ነበርና፣ ባርቶክም በ1903 ኮሹት የተሰኘ ትልቅ የኦርኬስትራ ሥራ ደረሰ። ሥራው በ1848 እና በ1849 የነጻነት ትግሉን የመራውን ላዮሽ ኮሹትን የሚያወድስ ነበር። በቡዳፔስት ሲቀርብ ሕዝቡ በደስታ ተቀበለው፤ የወጣቱም ስም ገነነ። ነገር ግን በሥራው ውስጥ አንድ የማይስማማ ነገር ነበር። ታሪኩ የሃንጋሪ ቢሆንም ሙዚቃው የተጻፈበት መንገድ ከጀርመን የተቀዳ ነበር። ሀገሩን ለማወደስ የሌላ ሀገር የሙዚቃ ቋንቋ ተውሷል። የራሱ ሀገር የሙዚቃ ቋንቋ የት እንዳለ ገና አላወቀም ነበር።

መልሱን ያገኘው ባልጠበቀው ቦታ ነው። በ1904 በጋ በሰሜን ሃንጋሪ ገጠር ተቀምጦ ሳለ፣ ከጎረቤት ክፍል አንዲት ሞግዚት ስታንጎራጉር ሰማ። ወጣቷ ከትራንሲልቫኒያ የመጣች የገጠር ልጅ ነበረች። ዜማው በቡዳፔስት ካፌዎች ከሚሰማው ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ ከጀርመኖቹም ሙዚቃ አይገጥምም። ባርቶክ ልጅቷ የምታውቃቸውን ዜማዎች እንድታዜምለት ጠይቆ በኖታ ጻፋቸው። ከዚያች ቀን በኋላ በየመንደሩ ያልተጻፈ ታላቅ ሀብት መኖሩን ተገነዘበ።

በቀጣዩ ዓመት ዞልታን ኮዳይ ከተባለ ሌላ ወጣት የሙዚቃ ሰው ጋር ተዋወቀ። ኮዳይ የሕዝብ ዜማን በጥናት መንገድ ይሰበስብ ስለነበር ለባርቶክ አሠራሩን አሳየው። የሁለቱ ወዳጅነትም እስከ ዕድሜ ልክ ዘለቀ። በ1906 ሥራውን ተከፋፍለው በየአቅጣጫው ወደ ገጠር ወጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እያንዳንዳቸው ለ10፣ በጠቅላላው ለ20 የሃንጋሪ የሕዝብ ዘፈኖች የፒያኖ አጃቢ ጽፈው በመጽሐፍ አሳተሙ። የከተማው ሰው ግን ለመጽሐፉ እምብዛም አልጓጓም።

ባርቶክ ወደ ገጠር ሲጓዝ የሚሸከመው ዋና ዕቃ ፎኖግራፍ ነበር። ይህ መሣሪያ ድምፅን በሰም በተሠራ ጥቅል ላይ የሚቀርጽ ሲሆን፣ ከባርቶክ በፊት ቤላ ቪካር የተባለ ሃንጋሪያዊ ለዚህ ሥራ ተጠቅሞበታል። አዛውንቱ ወይም ባልቴቷ በቀንዱ አፍ ላይ ተጠግተው ያዜማሉ፤ መርፌው የድምፁን ንዝረት በሰሙ ላይ ይጭራል። አንዱ ጥቅል የሚይዘው የጥቂት ደቂቃ ዜማ ብቻ ነው፤ በተደመጠ ቁጥርም እየተፋቀ ይሄዳል። ስለዚህ ባርቶክ ቅጂው ሳይጠፋ ዜማውን ወደ ወረቀት ማስፈር ነበረበት። የድምፁን መርገብገብ፣ መንሸራተትና ማረፊያ ሳይቀር በጥንቃቄ ይመዘግብ ነበር። ከእያንዳንዱ ዜማ ጋር የአዜማዩን ስም፣ ዕድሜ፣ መንደሩንና የተቀዳበትን ዘመን ጽፎ አኖረ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የገጠሩ ሰው ከከተማ ለመጣ ባለ ኮት እንግዳ በቀላሉ አያዜምም፤ ይሳለቅብን ይሆናል ብሎ ያፍራል። አንዳንዷ ሴት ደግሞ እንግዳው ጥንታዊ ዜማ ሲሻ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ወይም ከከተማ የመጣ አዲስ ዘፈን ታቀርብለታለች፤ የጥንቱ ለእንግዳ ጆሮ አይገባም ብላ ታስባለችና። ባርቶክ ዓይነ አፋርና ቁጥብ ሰው ቢሆንም ትዕግሥቱ አላለቀበትም። በአርሶ አደሩ ጎጆ ሲያድር፣ አግዳሚ ላይ ሲተኛ፣ የቀረበለትን ሲበላ የቆየባቸውን ቀናት በሕይወቱ እጅግ ደስ ያሉት እንደነበሩ ይቆጥራቸው ነበር። ይህንንም ሁሉ ያደረገው ከሥራው ጎን ለጎን ነው፤ ከ1907 ጀምሮ በቡዳፔስት የሙዚቃ አካዳሚ የፒያኖ መምህር ነበርና።

በዚያው በ1907 በትራንሲልቫኒያ ተራሮች ባደረገው ጉዞ ትልቅ ግኝት አገኘ። አረጋውያኑ የሚያዜሟቸው ጥንታዊ ዜማዎች በ5 ድምፆች ቅኝት ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። በአካዳሚ የሚሰጠው የምዕራባውያን ሙዚቃ ግን በ7 ድምፆች ላይ የቆመ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ባለ 5 ድምፅ ቅኝት እንግዳ አይደለም፤ የድምፆቹ ርቀት ከሃንጋሪው ቢለይም በጥቂት ድምፅ ብዙ ስሜት የመግለጽ ጥበቡ ይቀራረባል። ለባርቶክ ይህ ግኝት ትርጉሙ ከፍ ያለ ነበር። የሃንጋሪ አርሶ አደር ዜማ ከከተማው የወረደ ርዝራዥ ሳይሆን፣ ከከተማው ሙዚቃ በፊት የነበረና የራሱ ሥርዓት ያለው ቅርስ መሆኑን ተረዳ።

ጥናቱንም በወገኖቹ ዜማ ብቻ አልወሰነም። የስሎቫኮችን፣ የሮማኒያውያንን፣ የሩቴኒያውያንን፣ የሰርቦችንና የቡልጋሮችን ዜማ ሰበሰበ፤ ለዚህም ሲል ቋንቋቸውን አጠና። በ1913 ባሕር ተሻግሮ በአልጄሪያ ቢስክራ አካባቢ የአረቦችን ዜማ ቀዳ። በዚህ መልኩ በሺዎች የሚቆጠሩ ዜማዎችን አከማቸ። ከሥራው የወጣው ትልቅ ትምህርት፣ ንጹሕና ያልተቀላቀለ የሚባል ዜማ በምድር ላይ እንደሌለ ነው። ጎረቤት ከጎረቤቱ ዜማ ይወስዳል፤ በራሱ አዜያየም ለውጦ ይመልሳል። በባርቶክ እምነት የሕዝብ ዜማ የሚበለጽገው በዚህ መሰጣጣት እንጂ በመገለል አልነበረም።

ጥንታዊውን ዜማ ከክላሲካል ሙዚቃ ጋር ያዋሐደበት መንገድ ሦስት ዓይነት ነበር። የመጀመሪያው የሕዝቡን ዜማ እንዳለ ወስዶ አጃቢ መሥራት ነው። በ1915 የጻፋቸው የሮማኒያ የሕዝብ ጭፈራዎች በዚህ መንገድ የተሠሩ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በብዙ ሀገራት ይደመጣሉ። ሁለተኛው ራሱ በደረሰው ዜማ የሕዝቡን አዜያየም መከተል ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ግን ምንም ዜማ ሳይበደሩ፣ ሳይኮርጁ፣ የሕዝቡን የሙዚቃ መንፈስ እንደ አፍ መፍቻ ቋንቋ መናገር ነው። በ1911 ለፒያኖ የጻፈው አሌግሮ ባርባሮ፣ ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች የደረሳቸው 6 ሥራዎች፣ እንዲሁም በ1936 ለባለ አውታር መሣሪያዎች፣ ለምት መሣሪያዎችና ለሴሌስታ የጻፈው ታላቅ ሥራ የዚህ ሦስተኛው መንገድ ፍሬዎች ናቸው። በእነዚህ ውስጥ የትኛውም መንደር ዘፈኔ ነው የሚለው ዜማ ባይገኝም፣ የመንደሩ ምትና ትንፋሽ አለ።

ይሁን እንጂ የሀገሩ ሰው ወዲያውኑ አልተቀበለውም። የአካዳሚ ሰዎች ሙዚቃው ሻካራ ነው አሉ፤ የከተማው ሕዝብ ደግሞ የለመደውን ጣፋጭ የካፌ ዜማ አጣበት። በ1911 የጻፈው ብቸኛ ኦፔራው የብሉቤርድ ግንብ ለውድድር ቀርቦ ለመድረክ አይበቃም ተብሎ ተመለሰ። ባርቶክም ተስፋ ቆርጦ ለጥቂት ዓመታት ከሙዚቃ አደባባይ ራቀ፤ ኃይሉን ሁሉ በየመንደሩ ዜማ በመሰብሰብ ላይ አዋለ። መንገዱ የተከፈተለት በ1917 የእንጨቱ ልዑል የተባለው የባሌት ሥራው በቡዳፔስት ሲሳካ ነበር፤ ኦፔራውም በቀጣዩ ዓመት ለመድረክ በቃ።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ፈተና ግን ከዚህ የባሰ ነበር። በ1920 በተፈረመው የትሪያኖን ውል ሃንጋሪ ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አጣች። የባርቶክ የትውልድ ቦታ ወደ ሮማኒያ፣ የተማረባት ፖዞኒ ወደ ቼኮስሎቫኪያ ተካለለች። ዜማ የሰበሰበባቸው መንደሮች አብዛኞቹ ድንበር ተሻግረው ቀሩ። በዚያ የቁጣ ወቅት ስለ ሮማኒያውያን የሕዝብ ዜማ ጥናት በማሳተሙ፣ የሀገሩ ጋዜጦች ለወገኑ የማይቆረቆር ሰው አድርገው ከሰሱት። ጥናቱ ስለ ዜማ እንጂ ስለ ድንበር እንዳልሆነ ቢያስረዳም ሰሚ አላገኘም። እርሱ ግን አቋሙን አልለወጠም። የሮማኒያው እረኛ ዜማና የሃንጋሪው አራሽ ዜማ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በእኩል ክብር መቀመጣቸውን ቀጠሉ።

ለዚያ ክስ የሰጠው ትልቁ መልስ በሙዚቃ ነበር። በ1923 ቡዳ፣ ፔስትና ኦቡዳ ተዋሕደው ቡዳፔስት የሆኑበት 50ኛ ዓመት ሲከበር አዲስ ሥራ እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ሀገር ወዳዱ ሁሉ የሃንጋሪን ክብር ብቻ የሚያወሳ ሥራ በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ባርቶክ የሃንጋሪ፣ የሮማኒያና የአረብ ሙዚቃ መንፈስ ጎን ለጎን የሚሰማበትን የጭፈራ ስብስብ ይዞ ቀረበ። በ1930 ደግሞ ከሮማኒያ የሕዝብ መዝሙር ታሪክ ወስዶ ካንታታ ፕሮፋናን ደረሰ። ታሪኩ እርሻም ንግድም ሳይሆን አደን ብቻ ስለተማሩ 9 ወንድማማቾች ነው። ወንድማማቾቹ በጫካ ውስጥ ወደ አጋዘንነት ይለወጣሉ፤ አባታቸው ፈልጎ ሲያገኛቸው ቀንዳቸው በቤቱ በር አይገባምና ወደ ቤት መመለስ አይችሉም። ሥራው ስለ ነጻነትና ስለ ዋጋው የተጻፈ ነው ተብሎ ይተረጎማል።

በግል ሕይወቱ ባርቶክ በ1909 ማርታ ዚግለርን አግብቶ ቤላ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደ። በ1923 ከእርሷ ከተፋታ በኋላ ተማሪው የነበረችውን ፒያኖ ተጫዋች ዲታ ፓስቶሪን አገባ፤ ከእርሷም ፔተር የተባለ ልጅ አገኘ። ለሕፃናት ትምህርትም ብዙ ደክሟል። ለልጆች የጻፋቸው የመጀመሪያዎቹ የፒያኖ ሥራዎች የሃንጋሪና የስሎቫክ ዜማዎች ናቸው። ሚክሮኮስሞስ የተባለው ስብስቡ ደግሞ በ6 ቅጽ 153 ሥራዎችን ይዟል። ጣቶቹን ገና ከሚያላምድ ጀማሪ ተነሥቶ በቡልጋር ምት እስከተጻፉ ከባድ ጭፈራዎች ድረስ ተማሪውን ደረጃ በደረጃ ይወስደዋል። ዛሬም በዓለም ዙሪያ የፒያኖ ተማሪዎች ይማሩበታል።

በ1934 ከአካዳሚው የማስተማር ሥራ ተነሥቶ በሃንጋሪ የሳይንስ አካዳሚ የተሰበሰቡትን ዜማዎች ለኅትመት እንዲያዘጋጅ ተመደበ። የቀድሞ ቅጂዎችን ደጋግሞ እየሰማ ኖታዎቹን አረመ፤ ዜማዎቹንም በዓይነት በዓይነታቸው ለየ። በ1936 ወደ ቱርክ ተጉዞ በአናቶሊያ የዘላኖችን ዜማ ቀዳ፤ በዚያም ከጥንታዊው የሃንጋሪ ዜማ ጋር የሚመሳሰሉ ዜማዎች በማግኘቱ እጅግ ተደነቀ።

በዚህ መካከል የናዚዎች ጥላ በአውሮፓ ላይ ወደቀ። ባርቶክ ሂትለር ሥልጣን ከያዘ በኋላ በጀርመን መድረክ አልተጫወተም። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ፣ ሥራዎቹን ያሳትም የነበረውን የቪየና ድርጅት ትቶ ወደ እንግሊዝ አሳታሚ ዞረ። በ1940 በጻፈው ኑዛዜም በሃንጋሪ ውስጥ በሂትለርና በሙሶሊኒ ስም የተጠራ መንገድ ወይም አደባባይ እስካለ ድረስ፣ በእርሱ ስም ምንም ነገር እንዳይሰየም አዘዘ። ሀገሩን ጥሎ ለመሄድ ያመነታው ለእናቱ ሲል ነበር። እናቱ በ1939 መጨረሻ ስታርፍ የሚይዘው ነገር አልቀረም። በ1940 ኦክቶበር በቡዳፔስት የስንብት ኮንሰርት አቅርቦ ከባለቤቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተሰደደ።

የስደት ኑሮ አልተመቸውም። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ በዩጎዝላቪያ የተቀዱ የሕዝብ ዜማዎችንም በኖታ እንዲጽፍ ሥራ አገኘ። በባዕድ ሀገርም ሆኖ የሚያጽናናው ያው የገጠር ሰው ድምፅ ነበር። ሆኖም ሥራው ለጊዜው እንጂ ቋሚ አልነበረም፤ ኮንሰርት የሚጠራውም ጥቂት ነበር። ከዚህ ላይ የደም ካንሰር ያዘው። በ1943 ሰውነቱ መንምኖ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ወረደ። አዲስ ሙዚቃ መድረስ ካቆመም ቆይቶ ነበር።

ባርቶክ ምጽዋት የማይቀበል ኩሩ ሰው መሆኑን የሚያውቁ ሁለት ወገኖቹ፣ ቫዮሊን ተጫዋቹ ዮዜፍ ሲጌቲና የኦርኬስትራ መሪው ፍሪትዝ ራይነር፣ ሌላ መንገድ ዘየዱ። የቦስተን ኦርኬስትራ መሪ የነበረው ሰርጅ ኩሴቪትስኪ አዲስ ሥራ እንዲያዝዘው ጠየቁ። ኩሴቪትስኪም ሆስፒታል ድረስ ሄዶ ለአንድ የኦርኬስትራ ሥራ 1000 ዶላር እንደሚከፈለው ነገረው። ባርቶክ የወዳጆቹን ልመና አላወቀም፤ ሥራ መሆኑን እንጂ ርዳታ መሆኑን አልጠረጠረም። ትእዛዙ ከአልጋ አስነሣው። በ1943 ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ኮንሰርቶ ለኦርኬስትራ የተባለውን ሥራ ጽፎ ጨረሰ። በዲሴምበር 1 ቀን 1944 በቦስተን ሲቀርብ አድማጩ በታላቅ አድናቆት ተቀበለው። ይህ ሥራ ዛሬ በዓለም ኦርኬስትራዎች በብዛት ከሚቀርቡት የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራዎች አንዱ ነው።

በ1945 በጋ የቀረችውን ጉልበት ለባለቤቱ አዋላት። እርሱ ሲሞት ዲታ ተጫውታ የምትተዳደርበት ሥራ እንዲኖራት ሦስተኛውን የፒያኖ ኮንሰርቶ መጻፍ ጀመረ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ሞት ቀደመው። የመጨረሻዎቹን 17 የኖታ ቤቶች ለኦርኬስትራ ያሟላው ወዳጁ ቲቦር ሸርሊ ነው። ቤላ ባርቶክ ሴፕቴምበር 26 ቀን 1945 በ64 ዓመቱ በኒው ዮርክ አረፈ። በቀብሩ ላይ የተገኙት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከ43 ዓመታት በኋላ፣ በ1988፣ አፅሙ ወደ ሃንጋሪ ተመልሶ በቡዳፔስት በክብር አረፈ። በኑዛዜው ያስቀመጠው ቅድመ ሁኔታ ከጦርነቱ ፍጻሜ ጋር ተሟልቶ ስለነበር፣ ከከተማዋ ታላላቅ ጎዳናዎች አንዱ በስሙ ይጠራል። ወዳጁ ኮዳይም የሕዝብ ዜማን የልጆች ትምህርት መሠረት በማድረግ የጀመሩትን ሥራ አስፋፋ። ኢትዮጵያዊው የሙዚቃ ደራሲና ተመራማሪ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር የነበሩት ዶክተር አሸናፊ ከበደም የሀገራቸውን ዜማ ከኦርኬስትራ ጋር ያዋሐዱበትን እረኛው ባለዋሽንት የተሰኘ ሥራ በዚያው በሃንጋሪ ኦርኬስትራ አስጫውተዋል።

ባርቶክ ዜማ ከሰበሰበባቸው ቤቶች በብዙዎቹ ጥንታዊው ዜማ ዛሬ አይዜምም። አዛውንቶቹ አልፈዋል፤ ልጆቻቸው ወደ ከተማ ገብተዋል፤ የሥራ ዘፈኑን የሚጠራው ሥራ ራሱ ተለውጧል። ዜማቸው ግን አልጠፋም። በእርሱ የእጅ ጽሑፍ፣ ከእያንዳንዱ ዜማ አጠገብ፣ ያዜመው አርሶ አደር ስም፣ ዕድሜና መንደር ተጽፎ ይገኛል።